የሐርጌሳ ሉሕና የሕፃናት ትምህርት ጥናት

ስለ ሕፃናት ትምህርት በሚጻፉት መጻሕፍት ሁሉ የሚደጋገም አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፥ ልጅ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ከቤቱ ወጥቶ በአስተማሪ ፊት ቢቀመጥ፥ በኋላ ዕድሜው የሚያተርፈው ምንድን ነው? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት በአሜሪካና በካራይብ ደሴቶች ብዙ ተደክሟል፤ የተገኘውም መልስ በቍጥር ተሰፍሮ ወደ አገራችንና ወደ ጎረቤቶቻችን ደርሷል። መልሱ በሚያርፍበት ምድር ላይ አስቀድሞ ምን ዓይነት ትምህርት እንደ ነበረ ግን እምብዛም አልተጠየቀም። ይህን የጐደለውን ጥያቄ ከአንዲት ከተማ ታሪክ ጋር አያይዤ ለማየት አስቤአለሁ። ከተማይቱ ሐርጌሳ ናት። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስተውል አሳስባለሁ።

ሐርጌሳን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። በዚያች ከተማ የአምስት ዓመት ልጅን «ትምህርት ያልጀመረ» ብሎ መጥራት ያስቸግራል። መንግሥት የሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት ከመቀበሉ በፊት፥ ልጁ በአራት ወይም በአምስት ዓመቱ ወደ ቁርዓን ቤት ይሄዳል። ሶማሌዎች ይህን ቤት «ዱግሲ» ይሉታል፤ ቃሉ ከነፋስና ከብርድ የሚጠለሉበትን ሥፍራም ያመለክታል። አስተማሪው «ማዓሊን» ይባላል። የልጁ መጽሐፍ በእንጨት የተጠረበ ሉሕ ነው፤ ቀለሙ ከከሰል ይበጠበጣል፤ ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። የዕለቱ ትምህርት በሉሑ ላይ ይጻፋል፤ ልጁም ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበነበ በቃሉ ይይዘዋል። አስተማሪው ሰምቶ ካመነበት በኋላ ሉሑ ይታጠባል፤ አዲስ ምዕራፍም ይጻፍበታል። ሕዝቡ ከከብቱ ጋር ከቦታ ወደ ቦታ በሚዘዋወርበት ገጠርም፥ ማዓሊኑ አብሮ ተጕዞ ከዛፍ ጥላ ሥር ያስተምራል።

ይህ ትምህርት በዘልማድ የመጣ፥ ማንም አስቦ ያላቀደው ነገር እንዳይመስል፥ ስለ አንድ ሰው መናገር ያስፈልጋል። ከሐርጌሳ በስተሰሜን ምሥራቅ አው በርኸድሌ የሚባል ሥፍራ አለ። በዚያ የሼኽ ዩሱፍ አል ከውነይን መቃብር ይገኛል፤ ሥፍራውም ሕዝቡ ለሼኹ ባወጣላቸው ስም ይጠራል። የሶማሌ ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት፥ የዐረብኛን ፊደል ለሶማሌ ልጅ የሚስማማ አድርገው ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። ችግሩ ለእኛ ለመምህራን ግልጽ ነው። በዐረብኛ የድምፅ ምልክቶቹ «ፈትሓ»፣ «ከስራ»፣ «ደማ» ይባላሉ። ዐረብኛ ለማያውቅ የአምስት ዓመት ልጅ እነዚህ ስሞች ባዶ ድምፅ ናቸው። ሼኹ ግን ምልክቱ ለዓይን እንዴት እንደሚታይ ተመልክተው በልጁ ቋንቋ ስም አወጡለት። «አሊፍ ላ ኮር ደበይ» ሲባል ምልክቱ ከላይ ነው፤ «አ» ተብሎ ይነበባል። «አሊፍ ላ ሆስ ደበይ» ሲባል ምልክቱ ከታች ነው፤ «ኢ» ይሆናል። «አሊፍ ላ ጎደይ» ሲባል ምልክቱ የጐበጠ ነው፤ «ኡ» ይሆናል። ኮር ላይ፥ ሆስ ታች መሆኑን የማያውቅ የሶማሌ ሕፃን የለም። ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው መሄድ ይሉታል የዛሬ የትምህርት ሊቃውንት፤ ሼኽ ዩሱፍም ያለ ሊቃውንቱ ምክር ደርሰውበታል።

የቄስ ትምህርት ቤት ያየ አንባቢ እዚህ ላይ የራሱን ልጅነት ሳያስታውስ አይቀርም። እኔም በደብር ቅጥር ግቢ፥ ከወይራ ሥር፥ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በስንደዶ እያመለከትሁ ፊደል ቈጥሬአለሁ፤ የጕልበቴን ቍንጥጫም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቅጣቱን ለማመስገን ግን አልተነሣሁም። የማስታውሰው የትምህርቱን ሥርዓት ነው። ልጅ ሀሁን በዜማ ከያዘ በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሸጋገራል። አቡጊዳ የፊደሉን ተራ ያፈርሰዋል። በዜማ የወረደ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ተራውን እንጂ ፊደሉን አይደለምና፥ ተራው በፈረሰ ጊዜ እውነተኛው ዕውቀቱ ይገለጣል። ያነን ፈተና ያበጁት መምህራን ስማቸው አልተጻፈም። ከእነርሱ ብዙ ዘመን በኋላ በሞሮኮ አገር የተደረገ አንድ ጥናት የደረሰበት ነጥብ ከዚሁ ጋር ስለሚገናኝ፥ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሐርጌሳ ታሪክ እንመለስ። እንግሊዞች አገሩን ከ1884 ጀምሮ እስከ 1960 ድረስ በጥበቃ ሥር ሲይዙት፥ በመጀመሪያዎቹ አምሳ ዓመታት ለትምህርት የሠሩት ሥራ እጅግ ጥቂት ነበር። ሕዝቡም አዲሱን ትምህርት በጥርጣሬ ይመለከተው ነበር። በ1891 በበርበራ የተከፈተው የካቶሊክ ሚሲዮን፥ ትምህርት ማለት ሃይማኖትን ማስለወጥ ነው የሚለውን ፍርሃት አሳድሮ አልፏል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ኤሊሰን የተባለው የእንግሊዝ የትምህርት ሹም የሶማሌን ቋንቋ በላቲን ፊደል ጽፎ ለማስተማር ባሰበ ጊዜ፥ በቡርኦ ከተማ ብጥብጥ ተነሣ፤ ድንጋይም ተወረወረ። ከውጭ ለሚያየው ሰው ነገሩ ዕውቀትን የመጥላት ምልክት መስሎት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሕዝቡ የሚሳሳለት ትምህርት ነበረው፤ ድንጋዩም የተወረወረው ያ ትምህርት የሚነጠቅ ስለ መሰለው ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረገውን ለሁላችንም ጠቃሚ ሆኖ አገኘዋለሁ። በሶማሌላንድ «የትምህርት አባት» እየተባሉ የሚጠሩት ማሕሙድ አሕመድ ዓሊ አዲሱ ትምህርት ከቁርዓኑ ጋር እንደማይጣላ ለሽማግሌዎቹ በትዕግሥት አስረዱ። የአስተዳደሩ መቀመጫም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ ተዛወረ። በ1945 በአገሩ ሰባት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ በእነርሱም 400 ያህል ወንዶች ልጆች ይማሩ ነበር። ከእነዚህ ሌላ ዐሥራ ዘጠኝ የግል ቁርዓን ቤቶች ከመንግሥት የገንዘብ ርዳታ ይቀበሉ ነበር። ርዳታውን የሚያገኙት ከቁርዓኑ ጋር የዐረብኛ ጽሕፈትና ሒሳብ የሚያስተምሩት ነበሩ። ቍጥሩን ልብ እንበለው፤ ሰባት አዲስ፥ ዐሥራ ዘጠኝ ነባር። መንግሥት ገንዘብ ባነሰው ጊዜ ልጆቹ አስቀድመው የተሰበሰቡበትን ቤት አላፈረሰም፤ በቤቱ ውስጥ ሒሳብ ጨመረበት። ሴቶች ልጆች ግን ብዙ መጠበቅ ነበረባቸው፤ የመጀመሪያው የሴቶች ትምህርት ቤት በቡርኦ የተከፈተው በ1953 ነው።

የቀረውን ታሪክ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በ1960 አገሩ ነጻ ወጥቶ ከደቡቡ ጋር ተዋሐደ። በ1972 የሶማሌ ቋንቋ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወሰነ። በ1988 የሲያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በአውሮፕላንና በመድፍ ሲደበድባት አብዛኛው ክፍሏ ፈረሰ፤ ሕዝቡም ወሰን ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ጐረፈ፤ ሃርታሼክ የተባለውም የስደተኞች ሠፈር በዓለም ከታወቁት ታላላቅ ሠፈሮች አንዱ ሆነ። በ1991 ሶማሌላንድ ነጻነቷን አወጀች፤ በ2011ም የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሆን ታወጀ። በዚህ ሁሉ መካከል ሚኒስቴርና ሕንፃ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ፥ ሉሕና ማዓሊን ብቻ የሚያስፈልገው ቤት ግን ብዙ ጊዜ ሳይወስድ ተመልሶ ይከፈታል። ድኻ የሆነ ትምህርት ቤት የድኽነቱ አንድ ጥቅም ይህ ነው።

እንግዲህ በዚህ ከተማ የሕፃናት ትምህርት ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ብሎ የሚመረምር ሰው ቢመጣ፥ ምንን ከምን ጋር ያነጻጽራል? ይህን ለመረዳት የታወቁትን ጥናቶች ማየት ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው በአሜሪካ፥ በሚሺጋን ግዛት፥ በኢፕሲላንቲ ከተማ ከ1962 እስከ 1967 የተካሄደው የፔሪ ትምህርት ቤት ጥናት ነው። ዴቪድ ዋይካርት የተባሉት ምሁር 123 የድኻ ቤተ ሰብ ጥቍር ሕፃናትን ወስደው በሁለት ወገን ከፈሏቸው። አንዱ ወገን ተማረ፤ ሌላው በቤቱ ቀረ። የተማሩት ልጆች የማሰብ ችሎታ ልኬት በመጀመሪያ ከፍ አለ፤ ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ሳይቈይ ከሌሎቹ ጋር ተካከለ። ጥናቱ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ድካሙ ከንቱ ነበር ይባል ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ልጆቹን እስከ ጕልማሳነት ተከተሏቸው። በአርባ ዓመታቸው ሲጠየቁ፥ ካልተማሩት ከመቶ 55ቱ አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ በፖሊስ ተይዘው ነበር፤ ከተማሩት ግን ከመቶ 36ቱ ብቻ። በሥራና በገቢም ይበልጡ ነበር። ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሳይናገሩ የሚያልፉት ነገር አለ። ለሃያ ወይም ለሃያ አምስት ልጆች አራት የሠለጠኑ አስተማሪዎች ነበሩ፤ በየሳምንቱም አስተማሪዋ ወደ ልጁ ቤት ሄዳ ከእናቱ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ትቀመጥ ነበር። በእኛ አገር አንድ አስተማሪ ስንት ልጆች እንደሚይዝ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ አንባቢዎቼ ሁሉ ያውቁታል።

በጃማይካ፥ በኪንግስተን ከተማ ድኻ ሠፈሮች፥ ሳሊ ግራንታም ማክግሬጎር የተባሉት ሐኪም በ1986ና በ1987 የሠሩት ጥናት ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ 129 ሕፃናት ነበሩ። ለአንዳንዶቹ በየሳምንቱ የዱቄት ወተት ተሰጠ፤ ለአንዳንዶቹ የጤና ረዳት ሴት እየመጣች እናቲቱ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምትነጋገር ታሳይ ነበር፤ ለአንዳንዶቹ ሁለቱም ተደረገላቸው፤ ለቀሩት ምንም አልተደረገም። መጫወቻው ከተጣለ ዕቃ በቤት የሚሠራ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ጨዋታውን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ከመቶ 25 የበለጠ ደመወዝ ያገኙ ነበር፤ ወተት ብቻ የተሰጣቸው ግን እንዲህ ያለ ዘላቂ ብልጫ አላሳዩም። የሚያስደንቀው፥ ሥራውን የሠሩት ሴቶች ዲፕሎማ የሌላቸው፥ በሠፈር የሚታወቁ ሠራተኞች መሆናቸው ነው።

ታላላቆቹ ፕሮግራሞች ግን ሌላ ወሬ ያወራሉ። በአሜሪካ «ሄድ ስታርት» የተባለው በ1965 ሲጀመር በአንድ ክረምት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ልጆችን ሰበሰበ። በ1969 የወጣው የመጀመሪያው ሰፊ ምርመራ ፍሬው ቶሎ እንደሚጠፋ ተናገረ፤ ከ2002 ጀምሮ የተደረገው ሁለተኛውም ወደዚያው አዘነበለ። በቴነሲ ግዛት ደግሞ፥ በ2022 በታተመ ጥናት፥ በዕጣ ወደ ቅድመ መደበኛ የገቡት ልጆች ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ በፈተና ዕጣ ካልወጣላቸው አንሰው ተገኙ። የሕፃናትን ትምህርት የምንወድ ሰዎች ይህን ጥናት ልንደብቀው አይገባንም። አዲስ ክፍል መክፈት በራሱ ልጅን እንደማይጠቅም ያስተምረናልና።

ይሁን እንጂ ለሐርጌሳ ጥያቄ ቍልፉ የሚገኘው በሁለተኛው የሄድ ስታርት ምርመራ ውስጥ ነው። ክላይንና ዎልተርስ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን በ2016 መዝገቡን እንደገና ሲመረምሩት፥ «ያልተማረ ወገን» ተብለው ከተመዘገቡት ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በሌላ መዋዕለ ሕፃናት ይማሩ እንደ ነበር አሳዩ። በቤት ከዋሉት ጋር ብቻ ሲነጻጸር የፕሮግራሙ ጥቅም ከፍ ብሎ ታየ። እንዲህ ከሆነ፥ ብዙው ሕፃን ቁርዓን ቤት በሚውልበት ከተማ «ያልተማረ ወገን» የሚባለው ማን ነው? ጠያቂው «መዋዕለ ሕፃናት ገብቷል ወይስ አልገባም?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ሁለት ዓመት ሙሉ ሉሕ ሲያጥብ የኖረው ልጅ «አልገባም» ተብሎ ይጻፋል። አዲሱ ትምህርት ቤት ከዚያ ልጅ ጥቂት ቢበልጥ ጥቅሙ ትንሽ ነው ይባላል፤ እኩል ቢሆንም ገንዘቡ ባከነ ይባላል። በሁለቱም መንገድ ስለ ነባሩ ቤት ሳይታወቅ ፍርድ ይሰጣል። በላሊበላም ሆነ በደብረ ማርቆስ የቄስ ተማሪ ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው።

ነባሩን ቤት በቀጥታ የመረመረ ሰው አልጠፋም። ዳንኤል ዋግነር የተባሉት ተመራማሪ ከባልንጀሮቻቸው ጋር በ1980ዎቹ በሞሮኮ የቁርዓን ቤት ልጆችን ፈተኑ። የተገኘው ውጤት ሁለት ፊት አለው። ቁርዓን ቤት የዋሉት ልጆች በተራ የተደረደረን ነገር በማስታወስ ከሌሎቹ በለጡ፤ ተራ በሌለበት የማስታወስ ፈተና ግን ብልጫ አልነበራቸውም። አቡጊዳን ያበጁት መምህራን ይህን ቢሰሙ ባልተደነቁ ነበር። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይከብዳል። አፋቸውን በበርበርኛ የፈቱ፥ ዐረብኛ የማያውቁ ልጆች፥ ሕፃን ሳሉ ቁርዓን ቤት ወይም መዋዕለ ሕፃናት ገብተው ከሆነ፥ በዐረብኛ ንባብ መጀመሪያ ቢያንሱም በአምስተኛው ዓመት ዐረብኛ ተናጋሪዎቹን ደረሱባቸው። የሶማሌው ልጅ በዐረብኛ፥ የእኛም ልጅ በግዕዝ መጀመሩን ለሚነቅፉ ሁሉ ይህ ሊነገራቸው የሚገባ ነው። በአንጻሩም ነባሩን ቤት ያለ ልክ ለሚያመሰግኑት የፊተኛው ውጤት ይነገራቸው፤ ድርድርን በቃል መያዝ ለማሰብ ሙሉ ማሠልጠኛ አይሆንም።

የሐርጌሳው የ1945 አሠራር በሰፊው የተሞከረው በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ነው። የሞምባሳ እስላሞች ልጆቻቸው በመንግሥት ትምህርት ቤት ወደ ኋላ መቅረታቸውን አይተው የአጋ ኻንን ርዳታ ጠየቁ። በ1986 የመጀመሪያው የመድረሳ መዋዕለ ሕፃናት በሞምባሳ ተከፈተ፤ በኋላም ወደ ዛንዚባርና ወደ ኡጋንዳ ተስፋፋ። ስዋፊያ ሰዒድ የተባሉት የኬንያ መምህርት የሥራው መሪ ነበሩ። አስተማሪዎቹ ከዚያው ሠፈር የተመረጡ ሴቶች ናቸው፤ መጫወቻው ከኮኮናት ቅርፊት፣ ከእንጨትና ከመሰል ዕቃ ይሠራል፤ ቁርዓኑ፣ ቍጥሩ፣ ተረቱና ጨዋታው በአንድ ቤት ይገኛሉ። ፒተር ምዋውራና ባልንጀሮቻቸው በ2008 ያሳተሙት ጥናት ሦስት ወገን ልጆችን አነጻጸረ፤ በቤት የቀሩትን፥ ሌላ መዋዕለ ሕፃናት የገቡትን፥ መድረሳ የገቡትን። ትምህርት ያገኙት ሁለቱም ወገኖች በቤት ከቀሩት በለጡ፤ የመድረሳዎቹ ልጆችም ከሁለተኛው ወገን ብልጫ አሳዩ። ሦስት ወገን ማድረጋቸውን አመሰግናለሁ፤ በሁለት ቢወስኑት ኖሮ ይህ ባልታወቀ ነበር።

ስለ አገራችን ጥቂት ልጨምር። ከ2002 ጀምሮ «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት በኢትዮጵያ 3,000 ልጆችን እየተከተለ መዝግቧል። ፕሮፌሰር ጣሰው ወልደሃናና ባልደረቦቻቸው ከዚያ መዝገብ እንዳሳዩት፥ መዋዕለ ሕፃናት የገቡ የከተማ ልጆች በቃላትና በሒሳብ ይበልጣሉ፤ ነገር ግን ከከተማዎቹ ልጆች ከግማሽ በላይ ሲገቡ፥ ከገጠሮቹ ከመቶ አምስት እንኳ አልሞሉም። ይህን ጕድለት ለመሙላት በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፖሊሲ ማዕቀፍ ሁለት አዲስ መንገዶችን ከፈተ። አንዱ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ የሚከፈተው «ዜሮ ክፍል» ነው። ሁለተኛው «ከልጅ ለልጅ» ሲሆን፥ ታላቅ ተማሪ ታናሹን እንዲያስጠና ያደርጋል። ዩኒሴፍ ይህን መንገድ ኢትዮጵያ ባለችበት በስድስት አገሮች አስሞክሮታል። ለዓለም አዲስ ነገር ሆኖ ይቅረብ እንጂ፥ የሐርጌሳው ማዓሊን «ከቢር» የሚለው ረዳት፥ የእኛም የኔታ ዳዊት ደጋሚውን ተማሪ ለፊደል ቈጣሪው መመደባቸው ይኸው ነበር።

በዜሮ ክፍል የተመዘገበው ልጅ ቍጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ እጥፍ አድጓል። ዕድገቱን አልንቀውም፤ በገጠር ወንበር ያላገኘ ልጅ ወንበር አግኝቷል። ነገር ግን ባየኋቸው ክፍሎች ብዙውን ጊዜ አስተማሪው ለታላላቆች የሠለጠነ ነው፤ ልጆቹም ቀኑን ሙሉ ከሰሌዳ እየተከተሉ በኅብረት ይጮኻሉ። ይህ እንግዲህ ያለ አቡጊዳ የቀረ ሀሁ መሆኑ ነው። በዚያው ቀበሌ በደብሩ ግቢ ዐሥር ልጆች ይዘው የተቀመጡት የኔታ፥ በመስጊዱም አጠገብ ያሉት ሼኽ፥ ስለ ዜሮ ክፍሉ ተጠይቀው አያውቁም።

በሐርጌሳ ወይም በእኛ ወረዳዎች ጥናት ለማድረግ የሚያስብ የትምህርት ሹም ቢኖር፥ ልጆቹን በሦስት ወገን እንዲያስመዘግብ እለምነዋለሁ። በፊተኛው ወገን በነባሩ ቤት እንደ ልማዱ የሚማሩት ይሁኑ፤ በሁለተኛው በዚያው ቤት ቍጥር፣ ጨዋታና የአፍ መፍቻቸው ቋንቋ የተጨመረላቸው፤ በሦስተኛው ወደ አዲሱ ክፍል የተወሰዱት። አስተማሪው ለስንት ልጅ እንደሆነና ከወላጅ ጋር መነጋገር አለመነጋገሩ አብሮ ይጻፍ። የ1945ቱ ዐሥራ ዘጠኝ የቁርዓን ቤቶች ከሁለተኛው ወገን ነበሩ።